እሳት ያልነካው ጥንቸል

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንገት እንደሚወርድ ወፍራም ዝናብ እየተንጣጣ መጣ። ኢዜል ማክሬ ዓይኑን ሳይገልጥ አወቀው። ዝናብ አይደለም። ከቤቱ በስተምሥራቅ የሸንኮራ አገዳው ቅጠል እየነደደ ነው። ሽታው ሳይደርስ፣ ጭሱም ሳይታይ እግሮቹ አንሶላው ውስጥ ተላወሱ፤ ቀኙ ቀደመ፣ ግራው ሊከተል ተነሣና ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

"ሰማሁህ" አለው ጉልበቱን። "አትጩህብኝ።"

ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በልጅነት አልጋው ላይ ሲጋደም እግሩ ከጫፉ ያልፋል። ከራስጌው በላይ እናቱ የሰቀለቻቸው ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ የራስ ቁር ደፍቷል። አንዱ ላይ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሰባት ቁጥር ማሊያው በጭቃ ተለውሶ ቁጥሩ አይነበብም። በትልቁ ላይ ደግሞ ኳሷን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሦስት ተከላካዮች ጀርባው ላይ ተንጠልጥለውበት የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ይታያል። ኳስ በእጅ ታቅፎ በሚሮጥበት በአሜሪካ ፉትቦል፣ አሥር የውድድር ዘመን በፕሮፌሽናል ሜዳ እንደዚያ ነበር የሮጠው። አሥራ አንድ ሺህ ያርድ፣ ማለት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል፣ እያንዳንዷን ያርድ ሰው እየጎተተ። የሻምፒዮና ቀለበቱ እናቱ ቤት ውስጥ፣ ከክርና ከአዝራር ጋር በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጧል።

እናቱ በረንዳው ላይ ነበረች። የተሰጣውን ልብስ ጥቁሩ በረዶ ሳይወርድበት እየሰበሰበች ነው። በኮርቢን የአገዳውን አመድ እንደዚያ ይሉታል፤ እውነተኛ በረዶ አይቶ የሚያውቅ ሰው በከተማው ጥቂት ነው። ኦዴሳ ማክሬ ሠላሳ አንድ ዓመት በበቆሎ ማሸጊያ ቤት ቆማ የሠራች ሴት ናት። እጇ ሲሠራ አፏ አያርፍም። አፏ ካረፈ ደግሞ የሚያውቃት ሰው ይፈራል።

"ተነሣህ?"

"ተነሣሁ።"

"አንተ ተነሥተሃል፣ ጉልበትህ ገና ተኝቷል። ከመኝታ ቤት እስከዚህ ስትመጣ ሰማሁህ። አንዱን እግር ትረግጣለህ፣ ሌላውን ትለምነዋለህ።"

"ጠዋት ጠዋት ነው እማ። ሲሞቅ ይለቃል።"

"የኔም ሲሞቅ ይለቃል። እኔ ግን ሰኞ ዕለት ከጎረምሳ ጋር ልጋጭ ብዬ አውሮፕላን አልሳፈርም።"

ነገሩ ይኸው ነበር። በበጋው፣ ጉልበቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከተቀደደ በኋላ፣ ክለቡ አሰናብቶታል። ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሐኪም ደግሞ ነገሩን ሳያለባብስ ነግሮታል፤ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ከተመታ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይሄዳል። በዚህ መሐል ከሰሜን፣ ከአንድ ቀዝቃዛ ከተማ ክለብ ስልክ መጣ። ሰኞ ናና ሩጥልን፣ እናይሃለን ተባለ። የኮርቢን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ለዓርብ ድግስ ደግሷል። ከጨዋታው በፊት ሃያ ሰባት ቁጥር ማሊያው በመስታወት ተከቶ ይሰጠዋል፣ ቁጥሩ ከእንግዲህ ለማንም አይሰጥም፣ እሱም ማይክ ይዞ ከሜዳ መሰናበቱን ይናገራል። በትምህርት ቤቱ በር ባለው ሰሌዳ ላይ "የኢዜል ማክሬ ስንብት" የሚል ተለጥፏል። ዓርብ በቃኝ ካለ ሰኞ የለም። ሰኞ ካለ ዓርብ ውሸት ነው።

"ማን ስንብት ብሎ ለጠፈልኝ?" አለ ኢዜል። "እኔ ሳልሰናበት?"

"ሰው እስኪሞት ጠብቀው ሣጥን የሚያሠሩ ሞኞች ናቸው። ቀደም ብሎ መለካት ጥሩ ነው።"

"እማ።"

"እማ አትበለኝ። እዚያ ነበርኩ እኮ።"

እውነቷን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጫወትበት ሜዳ ሁሉ ቢጫ ትራሷን በብብቷ ይዛ ትሄዳለች። ትራሷ ላይ ትቀመጣለች፣ የመጨረሻው ፊሽካ ካልተነፋ አትነሣም። የልጇ ቡድን በአርባ ነጥብ እየተመራ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲሮጥ እንኳ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ጥሎ አይኬድም ትላለች። ጉልበቱ የተቀደደ ዕለትም እንደ ልማዷ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሰባ ሺህ ሰው እየጮኸ ሲቀደድ ሰምቼዋለሁ ትላለች፤ ኢዜልም ይህን አስተባብሎ አያውቅም።

"የማንን ማሳ ነው ዛሬ የሚያቃጥሉት?" አለ፣ ወሬ ለመለወጥ።

"ከቦዩ እስከ ባቡር ሐዲዱ ያለውን። አሁን የለኮሱት ትንሹን ነው፤ ትልቁ ከምሳ በፊት ነው።" አንሶላ ማጠፏን አቆመች። ወደ ምሥራቅ፣ ቀስ ብሎ ወደሚነሣው ጭስ አየች። "ና እንዋዋል።"

"ምን?"

"በዚህ አፈር ላይ ሰው መሮጥ መቻሉን ለሐኪም አያሳይም፣ ለጋዜጠኛም አያሳይም። ሂድና ጥንቸል ይዘህልኝ ና። በእጅህ። ካመጣህልኝ አፌን እዘጋለሁ። ሰኞ ሂድ፣ ማክሰኞም ሂድ፣ አትሂድ የሚል ቃል ከኔ አይወጣም። ካላመጣህ ዓርብ ማይኩን ይዘህ በቃኝ ትላለህ።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ።"

"ለጥንቸል ጊዜ ሠላሳ ሁለት፣ ለሰኞ ጊዜ ሃያ ሁለት።"

ሳያስበው ሳቀ። "ደንቡ እንደ ድሮው?"

"እንደ ድሮው ነዋ። እሳት የነካው አይቆጠርም።"

ደንቡን ማን እንዳወጣው ኮርቢን ውስጥ የሚያውቅ የለም። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ ማሳው በአራቱም ማዕዘን ይለኮሳል። ጥንቸሎቹ ከእሳቱ ይፈልቃሉ፤ የኮርቢን ልጅ ደግሞ በእግሩ አባሮ በእጁ ይይዛል። ከዚያች ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ፈጣን ሯጭ የሚወጣው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ማሳው ብቻ ይዘረጋሉ። ግን እሳት የለበለበው ጥንቸል፣ አንዲት ጸጉሩ እንኳ ብትነካ፣ አይቆጠርም። ጭስ ያደነዘዘውን፣ እግሩ የተቃጠለውን ማንም ይይዛል። ስለዚህ ጥንቸሉ ከነቆዳው፣ ከነእግሩ ቤት ይገባል። እናት ትገለብጠዋለች፣ ሆዱን እፍ ብላ ጸጉሩን ትከፍታለች፣ መዳፉን ታያለች፣ ከዚያ "ያንተ ነው" ትላለች። እስክትል ድረስ የማንም አይደለም። ኢዜል በሰባት ዓመቱ ሦስት ይዞ ገብቶ ሁለቱን መልሳበታለች። "እነዚህን የያዛቸው እሳቱ ነው" አለችው። "ጥራልኝና ራቱን ልስጠው።" ያን ዕለት አልቅሷል። በማግሥቱ ግን አራት ያልተነኩ ይዞ ገባ።

ረፋድ ላይ የአሠልጣኝ ፐርቪስ ቱክስ አሮጌ ፒካፕ በር ላይ ቆመ። ቱክስ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ የዓሣ አጥማጅ ባርኔጣቸውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልሆነ አያወልቁም። ኢዜልን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው፤ የዓርቡን ድግስ ያሰቡትም እሳቸው።

"ግባ" አሉ በመስኮቱ። "እናትህ ደውላ ምስክር ሁን ብላኛለች።"

"ኮች፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?"

"የምሳዬ። ጥንቸል ከተያዘ ሚስ ኦዴሳ ሩዝ ትሠራለች። ካልተያዘ ቤቴ ሄጄ የትላንቱን ባቄላ ነው የምበላው። ስለዚህ በደንብ ሩጥ።"

የቦዩን ዳር ይዘው ሲነዱ ግራና ቀኙ ጥቁር አፈር ነው፤ ጥቁር፣ ልም፣ ጫማ ውስጥ ገብቶ ሳምንት የማይወጣ። ቱክስ መሪውን እንደያዙ ድንገት፦

"አርባ አንድ ጊዜ" አሉ።

ኢዜል ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ በግዛቱ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ እያለ ኳሷን አርባ አንድ ጊዜ ለእሱ ሰጥተውታል። ዋንጫው አሁንም ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ አለ።

"አርባ አንድ ጊዜ ሰጠሁህ። ሃያው ይበቃ ነበር። ሰው ሲያረጅ ያደረገው ሁሉ በቁጥር ይታየዋል።"

"አርባ ሁለተኛውን ቢሰጡኝም እወስድ ነበር ኮች።"

"እሱ ነው ችግሩ" አሉ ሽማግሌው፣ መንገዱን እያዩ።

ማሳው ዳር የውኃ ቦቴ ቆሟል። እሳቱ ከአጥር እንዳያልፍ የሚጠብቀው ዊንዴል ነው፤ በትምህርት ቤት ዘመን ከኢዜል ፊት ፊት እየገጨ መንገድ ይከፍትለት የነበረው ዊንዴል። ዛሬ ሆዱ ከመሪው ጋር ይጣላል። ኢዜል እያነከሰ ሲወርድ አየና ባርኔጣውን አነሣ።

"ሽማግሌው መጣ። ጥንቸሎቹ ፊርማህን ሊወስዱ ተሰልፈዋል።"

"አንተ ደግሞ አንዱን የበላኸው ትመስላለህ፤ ከነቤተሰቡ።"

"ፊትህ እየቀደምኩ ልግጭልህ እንዴ? እንደ ድሮው?"

"ሆድህን አስቀድመህ ከገባህ እሳቱ አየር አጥቶ ይጠፋል።"

ተሳሳቁ። ከዚያ ዊንዴል ሳቁን አቆመና የኢዜልን ጉልበት አየ፤ ቦቴው ላይ ተመልሶ ወጣ።

እሳቱ ሲለኮስ መጀመሪያ እንደ ሹክሹክታ ነው። ቀጥሎ ማሳው በሙሉ በአንድ አፍ ያጓራል። ሙቀቱ ፊት ይጋርፋል፣ አየሩ ይንቀጠቀጣል። ኢዜል ጃኬቱን ጥሎ ማሳው ጥግ ላይ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ቆመ። አሥር ዓመት ሙሉ ከእሱ በፊት ኳሷን የሚቀበለውን ሰው ተረከዝ እያየ የቆመው እንደዚህ ነው። ልቡ ደስ አላት። ስንት ወር ደስ ብሏት አያውቅም።

የመጀመሪያው ወጣ። ቡናማ፣ ትንሽ፣ ጅራቱ ነጭ። ኢዜል ተወነጨፈ። አራት እርምጃ፣ አምስት፣ እጁ ሊደርስበት ሲል ጥንቸሉ ወደ ግራ ታጠፈ። የኢዜልም ነፍስ ወደ ግራ ታጠፈች። ጉልበቱ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። በፊቱ አፈር ላይ ተዘረረ።

"እሱ ገና ተማሪ ነው" ብሎ ጮኸ ዊንዴል ከላይ። "መምህሮቹ ከኋላ ናቸው።"

ሁለተኛው ወጣ፣ አመለጠ። ሦስተኛው በእግሮቹ መሐል አለፈ። አራተኛውን ጅራቱን ነክቶ ጸጉር ብቻ ጣቱ ላይ ቀረ። አፉ ጥቀርሻ ሞላ፣ ጉልበቱ ውስጥ ምላጭ የሚዞር መሰለው። እሳቱ ደግሞ አይጠብቅም፤ አንድ ማሳ ነዶ የሚያልቀው ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ጩኸቱ እየሳሳ፣ ነበልባሉ እያጠረ ሄደ። ቱክስ ፒካፑ ላይ ተደግፈው ሰዓታቸውን አላዩም፤ ማየት አልፈለጉም።

ያኔ ሁለቱ እሳቶች ከሚገናኙበት ጥግ አንድ ትልቅ ጥንቸል ወጣ። አሮጌ ነው፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ብዙ ቃጠሎ ያለፈ። ኢዜል በዚህ ጊዜ አላባረረውም። ልጅ ሳለ የተማረው ትዝ አለው፤ ጥንቸል በጭንቅላቱ ያታልላል፣ በትከሻው ያታልላል፣ በወገቡ ግን አይዋሽም። ሰባ ሺህ ሰው ፊት ተከላካዮቹ እሱን ለመያዝ የተማሩትም ይህንኑ ነበር። ወገቡን አየ፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ወደሚሄድበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ሮጠ። ሦስት እርምጃ ቀድሞ ተወረወረ፤ በግራ ጉልበቱ አረፈ፣ ዓይኑ ጨለመ፤ ግን ሁለት እጁ ውስጥ ትኩስ ነገር ይራገጣል።

የፒካፑ ጥሩምባ ጮኸ። ቱክስ ባርኔጣቸውን አውልቀው እያውለበለቡ ነበር። ዊንዴል ቦቴው ጣሪያ ላይ ቆሞ ሁለት ክንዱን ወደ ሰማይ ሰቅሏል፤ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፉ እንደሚያደርጉት።

ኢዜል ጥንቸሉን በደረቱ አቅፎ ተንበርክኮ ቀረ። መዳፉን ከሆዱ በታች አስገባ። ጸጉሩ በእጁ ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረ። ገለበጠው። የኋላ እግሮቹ መዳፍ ነጭና ቀይ ሆኖ ተልጧል። ለካ ቀጥ ብሎ የሮጠው መታጠፍ ስላልቻለ ነው።

ከእሱ እስከ መንገዱ ሠላሳ እርምጃ ነው። በሠላሳ እርምጃ ውስጥ ሰው ብዙ ያስባል። የጥንቸሉን አንገት በአንድ እንቅስቃሴ ሰብሮ አሳረፈው። ከዚያ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ቦዩ አነከሰ።

"ወዴት ነው?" አሉ ቱክስ።

"ልታጠብ።"

የቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ የኪስ ቢላዋውን አወጣ። ቆዳውን ገፈፈ። አራቱን እግር ቆረጠ። ቆዳውንና እግሮቹን ጠቅልሎ ውኃው ላይ ጣለ፤ ትንሽ ተንሳፈፉና ሰጠሙ። ቢላዋውን በሣሩ ጠርጎ ወደ ኪሱ መለሰ።

ቱክስ ከኋላው ደርሰው ቆሙ። "ምን እያደረግክ ነው?"

"እማን ጣቶቿን ያማታል። ሥራ ልቀንስላት።"

"ከተማ ለመድክ" አሉ ሽማግሌው እየሳቁ፣ ስልካቸውን እያወጡ። "ጥንቸል ገፎ የሚገባ የኮርቢን ልጅ አይቼ አላውቅም።" ከዚያ ለጓደኞቻቸው እየደወሉ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ሁለቴ የተቀደደ ጉልበት፣ በእጁ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ አዎ በዓይኔ።

በመንገድ ላይ ኢዜል ለራሱ ተሟገተ። እሳት ያልነካው ማን አለ? እያለ ተሟገተ። እኔ ራሴ አሥር ዓመት ስሮጥ ያልተለበለበ ምን ቀረልኝ? የተሰበረ የጎን አጥንት፣ የማይታጠፍ ጣት፣ ስሙን የምረሳው ሰው። ታዲያ እኔ አልቆጠርም? የሮጥኩትን ያርድ ሁሉ ሲጽፉ ጸጉሬን እፍ ብሎ ያየ አለ? ክርክሩ ለራሱ ጥሩ መሰለው። ቤት እስኪደርስ ድረስ አልተወውም።

እናቱ ወጥ ቤት ነበረች፤ ሽንኩርት ከትፋ ድስት ጥዳለች። እንደሚይዝ ባታምን ኖሮ ለምን ትጥዳለች? ኢዜል ድስቱን አየ። ጥንቸሉን ዘረጋላት።

ተቀበለችው። እንደ ልማዷ በግራ እጇ ገለበጠችው፣ ፊቷን ዝቅ አድርጋ ሆዱን እፍ ልትል ከንፈሯን አሞጠሞጠች። የሚከፈት ጸጉር የለም። ቀይ፣ ራቁት ሥጋ ነው። ትንፋሿ አፏ ውስጥ ቀረ። ቀጥሎ እግሮቹን ፈለገች፤ ጣቷ የተቆረጠውን ቦታ አንድ በአንድ ነካ።

"ቆዳውስ?"

"ገፈፍኩልሽ። እጅሽን እንዳያምሽ ብዬ።"

ቀና ብላ አየችው። ኢዜል ዓይኑን አልሰበረም፤ ከእሱ በእጥፍ የሚከብዱ ሰዎችን ዓይን ሳይሰብር አይቷል።

ቧንቧውን ከፈተች። ሥጋውን አጠበች፣ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ ድስቱ ውስጥ ጨመረችው። "ያንተ ነው" አላለችም።

"ሚስ ኦዴሳ" አሉ ቱክስ ወንበር እየሳቡ፣ "ብታዪው ኖሮ ዳግም ትወልጂው ነበር። ወገቡን ነው ያየው፣ እኔ ያስተማርኩትን፣ ወገቡን። ከዚያ ተወረወረ።" እጃቸውን ወርውረው የሻይ ብርጭቆውን ሊደፉ ነበር። "ሰኞ እነዚያ የሰሜን ሰዎች ጉድ ያያሉ። ይሄን የዓርቡን ስንብት የሚባለውንም ዛሬውኑ ከሰሌዳው አስነሣዋለሁ። ስሙ ብቻ ይኑር። ስሙ ይበቃል።"

ሩዙ መጣ፣ ጎመኑ መጣ፣ የበቆሎ ዳቦው መጣ። ጥንቸሉ በመረቁ ውስጥ ለስልሶ ቀረበ። ቱክስ ሁለት ጊዜ ጨመሩ። ኢዜልም በላ፤ ጣዕሙ የልጅነቱ ነው፣ ግን አልወርድ እያለው በሻይ ይገፋው ነበር። እናቱ ሩዟን በጎመን በላች። ሥጋው ላይ ሹካዋ አልደረሰም።

"ሚስ ኦዴሳ፣ አትበዪም እንዴ?"

"ጥርሴን ያመኛል።"

ከዚያ ማክሰኞ እስከ ዓርብ ያ ቤት ጸጥ አለ። አልተቆጣችም፤ ቁርሱን ትሠራለች፣ ለጉልበቱ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ጨው አምጣ ትላለች። በሩን ዝጋ ትላለች። ስለ ሰኞ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጥንቸሉ ትንፍሽ አላለችም። ቃሏን ጠበቀች፤ ካመጣህልኝ አፌን እዘጋለሁ ብላ ነበር፣ ዘጋች። ኢዜል አሸነፍኩ አለ ለራሱ። ሲያሸንፍ ደግሞ እንዲህ ጸጥ ያለ ሜዳ አጋጥሞት አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት አልቻለም። እሷ ሰሐን ስታጥብ ከኋላዋ ቆመ።

"እማ፣ የምትይው ካለ በይኝ።"

"ምን እላለሁ?" አለች ሳትዞር። "አምጥተሃል አይደለም እንዴ?"

"አምጥቻለሁ።"

"እንግዲህ።"

ዓርብ፣ ፀሐይ ከከተማው ዳር ካለው የሐይቅ ግድብ በስተጀርባ ስትወርድ፣ የኮርቢን ሕዝብ እንዳለ ስታዲየሙ ውስጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ ስንብት የሚለው ተነሥቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ከሩቅ ማሳ የተነሣ ጥቁር በረዶ በሜዳው ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ነጭ የለበሱት የሙዚቃ ተማሪዎች ትከሻ ላይ ያርፋል። የቱክስ ወሬ ሥራውን ሠርቷል። ሰዎች ኢዜል ሲያልፍ ሁለት ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ እንደ ጥንቸል ያቆማሉ፣ "ስንት ያዝክ?" ይሉታል፣ "ለኛም አንድ" ይሉታል። ዊንዴል ከነልጆቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከበሮ ይመታል።

እናቱ መጥታለች። አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቢጫ ትራሷ ላይ። ሲያያት ትከሻው ቀለለው።

ርዕሰ መምህሯ መስታወት ውስጥ የገባውን ማሊያ በሁለት ሰው አሸክማ አመጣች። ቁጥር ሃያ ሰባት፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፤ አንዲት የጭቃ ጠብታ አልቀረበትም። ማይኩን ለኢዜል ሰጡት። ሕዝቡ ጸጥ አለ።

"ይሄን ማሊያ ልትሰቅሉት ነው አሉ" አለ። ድምፁ ከግድቡ ተመልሶ መጣ። "በመስታወት። የሚሰቀል ነገር የሞተ ነገር ነው። እኔ ገና አላወለቅኩትም።"

ከበሮው አንድ ጊዜ መታ።

"ሐኪሙ አትችልም አለኝ። አሥር ዓመት ጀርባዬን የሰጠሁት ክለብ አትችልም አለኝ። ሰባት ዓመቴ ሳለም ትንሽ ነህ፣ አትችልም ብለውኛል፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ። ስማችሁን አልጠራም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ።" ሳቅ ተነሣ። "ቁጥሩን ለሚሮጥ ስጡት። እኔ ስጨርስ እነግራችኋለሁ። ማንም አይነግረኝም። ሰኞ ወደ ሰሜን እሄዳለሁ።"

ስታዲየሙ ተነሣ። ጫማ በብረት ላይ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ቱክስ ከጎኑ ቆመው ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ይጠርጉ ነበር። ለኢዜል የሰው ድምፅ እንደ ሙቅ ውኃ በላዩ ላይ ሲወርድ ተሰማው። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም።

"መሮጥ አይችልም የሚል ካለ ኮች ቱክስን ይጠይቅ። ማክሰኞ በዚህ እጄ ይዣለሁ።" እጁን አነሣ። "እናቴም እዚህ አለች። ጥንቸሉን ለእሷ ነው የሰጠሁት። የኦዴሳ ማክሬን ዓይን የማያውቅ የለም። እሷ ቆጥራልኛለች።"

ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ አምስተኛው ረድፍ አዞረ። ጩኸቱ በረታ፣ ስሟን ይጠሩ ጀመር።

ኦዴሳ ማክሬ ተነሣች። መጀመሪያ ለምስጋና መሰላቸው፣ አጨበጨቡላት። እሷ ጎንበስ ብላ ቢጫ ትራሷን አነሣች። የወረደበትን አመድ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መትታ አራገፈችው። በብብቷ ያዘችው። ከዚያ "ይቅርታ፣ ልለፍ" እያለች በጉልበቶች መሐል ወጣችና የደረጃውን መደገፊያ ጨብጣ ወረደች፤ ደረጃ በደረጃ፣ ሳትቸኩል።

"ሚስ ኦዴሳ" አለ ዊንዴል ከበሮውን በእጁ አፍኖ፣ "ጨዋታው እኮ አልተጀመረም።"

አልመለሰችለትም። ወደ ሜዳውም ዞራ አላየችም። ቲኬት ከሚቆረጥበት ጠረጴዛ አጠገብ ያለችው ሴት አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ኦዴሳ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ አለፈች። ኢዜል ማይኩን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ፣ በሩን አልፋ በቆሙት መኪኖች መሐል ስትሄድ አያት፤ ቢጫዋ ትራስ አንዴ ታየች፣ አንዴ ተሰወረች፣ ከዚያም አልታየችም።